ባቄላው ለምን ቢጫ ሆነ? የሰብል ቫይረስ በዘረመል ምርመራ እንዴት ይለያል

መስከረም ጠብቶ ደመናው ሲገፍ በደጋማ አካባቢዎች የባቄላ ማሳ አበባውን እየጨረሰ ፍሬ ወደ መያዝ ይሸጋገራል። በዚህ ወቅት ማሳውን ሊጎበኝ የወጣ አርሶ አደር በአረንጓዴው መካከል እዚህም እዚያም ቢጫ ተክሎች ሊያይ ይችላል። ቁመታቸው ከጎረቤቶቻቸው ያንሳል፤ ቅጠላቸው ወፈር ብሎ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ሲጨብጡት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። አበባቸው ረግፏል፤ ፍሬ ቢይዙም ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ምን እንደነካቸው ቢጠየቅ መልሱ ብዙ ነው። አንዱ «ውኃ ተኝቶበት ሥሩ በስብሶ ነው» ይላል። ሌላው «ማዳበሪያ አንሶት ነው» ይላል። ሦስተኛው ውርጭን፣ አራተኛው ዋግን ይጠራል። ሁሉም ከልምድ የተነሡ፣ በሌላ ዓመት ወይም በሌላ ማሳ ትክክል ሆነው የተገኙ መልሶች ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው ከመልሶቹ አንዱ በግምት ተመርጦ ገንዘብ ሲወጣበት ነው። ፀረ ፈንገስ ይገዛል፤ ይረጫል። መንስኤው ቫይረስ ከሆነ ግን ርጭቱ አንዲት ተክል አያድንም። የሰብል ቫይረስን ከታመመ ተክል ውስጥ የሚያጠፋ፣ አርሶ አደሩ ከገበያ ገዝቶ የሚረጨው መድኃኒት የለምና።

ስለዚህ «ምን ልርጭ?» ከሚለው በፊት «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ መቅደም ይኖርበታል። ይህን ጥያቄ በቫይረስ ረገድ ከሁሉም በተሻለ ትክክለኛነት የሚመልሰው የዘረመል ምርመራ ነው። አሠራሩ ከስሙ ይልቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የማይችለውም ነገር አለ። ሁለቱንም ማወቅ ለአርሶ አደሩም፣ ለዘር አምራቹም፣ ሽምብራና ምስር ከገበያ ለሚሸምተው የከተማ ነዋሪም ይጠቅማል።

ዓይን ለምን ይሳሳታል?

ተክል ሕመሙን የሚገልጽባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። ቢጫ ይሆናል፣ ይቀጭጫል፣ ይጠወልጋል፣ ይደርቃል። የሚያሳምሙት ነገሮች ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ሥሩ ሲበሰብስ ምግብ ከአፈር ወደ ላይ መውጣት ያቆማል፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። በናይትሮጅን እጥረትም እንዲሁ ቢጫ ይሆናል። ከላይ የተገለጸው ዓይነት ቫይረስ ደግሞ መኖሪያው ቅጠል ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥርና ወደ ፍሬ የሚያወርዱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ናቸው። ቧንቧዎቹ ሲታወኩ ምግቡ ከቅጠሉ ሳይወጣ ይከማቻል። ቅጠሉ የሚወፍረውና ቀጭ ብሎ የሚሰበረው፣ ፍሬው ደግሞ የሚራበው ለዚህ ነው።

ልምድ ያለው ባለሙያ በማሳው ላይ ካለው ስርጭት ጥቂት ፍንጭ ያገኛል። ውኃ የተኛበት ሰብል የሚታመመው በዝቅተኛው የማሳ ክፍል በአንድነት ነው። የምግብ እጥረትም ሰፊ ቦታን በአንድ ዓይነት መልክ ይይዛል። ነፍሳት ያመጡት ቫይረስ ግን ብዙ ጊዜ ከማሳው ጠርዝ ይጀምራል፤ ወይም አንዱ ታሞ አጠገቡ ያለው ጤነኛ ሆኖ በነጠብጣብ ይታያል። ይህ ፍንጭ «ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም» ለማለት ይረዳል። «የትኛው ቫይረስ?» ለሚለው ግን መልስ የለውም። በባቄላ፣ በሽምብራና በምስር ላይ ቢጫነትና መቀጨጭ የሚያስከትሉ ቫይረሶች በርካታ ሲሆኑ በዓይን ለይቶ ማወቅ ለተመራማሪም ቢሆን አዳጋች ነው።

ቫይረሱን ራሱን በተራ ማይክሮስኮፕ ማየት አይቻልም። ከእነዚህ ቫይረሶች 30 ሺህ ያህሉ ጎን ለጎን ቢደረደሩ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ አይዘልሉም። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ደግሞ ብዙዎቹ ተመሳሳይ ድቡልቡል ቅንጣት ናቸው። መልካቸው ስማቸውን አይለይም።

የቫይረሱ መታወቂያ

ቫይረስ በፕሮቲን ሽፋን የተጠቀለለ አጭር የዘረመል መልእክት ነው። መልእክቱ የተጻፈው ለሕይወት ሁሉ የጋራ በሆኑ አራት ኬሚካላዊ «ፊደላት» ነው። የበቆሎ ተክል ዘረመል ከ2 ቢሊዮን በላይ ፊደላት አሉት። በቆሎን ከሚያጠቁት ቫይረሶች የአንዱ መልእክት ግን 4,400 ያህል ፊደላት ብቻ ነው፤ በመጽሐፍ ቢታተም ከጥቂት ገጾች አያልፍም። ቫይረሱ በዚህች አጭር መልእክት የተክሉን ሕዋስ አዝዞ ራሱን ያባዛል። የፊደላቱ ቅደም ተከተል ከቫይረስ ቫይረስ ስለሚለያይ ከመልክ ይልቅ እውነተኛው መታወቂያ እርሱ ነው።

ምርመራው የሚያደርገው ይህን መታወቂያ ማንበብ ነው። አስቸጋሪው ነገር በአንድ ቅጠል ውስጥ የተክሉ ዘረመል ባሕር ሲሆን የቫይረሱ ጠብታ መሆኑ ነው። ጠብታዋን ከባሕሩ ለይቶ የማብዛት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካዊው ኬሚስት ካሪ ሙሊስ አመነጨ፤ በ1993ም የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ዘዴው ፒ.ሲ.አር. ይባላል። ብዙዎቻችን ስሙን የሰማነው በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ወደ አገራችን ሲገባ ነው። ያኔ ከሰው አፍንጫና ጉሮሮ በሚወሰድ ናሙና ላይ የተሠራው ምርመራ ዛሬ ከባቄላ ቅጠል በሚወሰደው ላይ ከሚሠራው ጋር በመሠረቱ አንድ ነው።

ቅጠሉ በመጀመሪያ ይፈጫል፤ በኬሚካል ታጥቦ ስኳሩ፣ ፕሮቲኑና አረንጓዴው ቀለም ይወገድና ዘረመሉ ብቻ ይቀራል። ብዙዎቹ የዕፅዋት ቫይረሶች መልእክታቸውን የያዙት አር.ኤን.ኤ. በሚባለው ቶሎ የሚበላሽ ቅርጽ ስለሆነ በአንድ ኢንዛይም አማካኝነት ወደ ጽኑው ዲ.ኤን.ኤ. ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ፕራይመር የሚባሉ፣ 20 ያህል ፊደላት ያሏቸው ሁለት አጫጭር ቁራጮች ይጨመራሉ። እነዚህ ቁራጮች የሚጣበቁት የሚፈለገው ቫይረስ መልእክት ላይ ብቻ እንዲሆን አስቀድሞ ተመርጠው የተሠሩ ናቸው። በቁልፍና በጋን መመሰል ይቻላል፤ ቁልፉ ካልገጠመ በሩ አይከፈትም።

ድብልቁ በማሽን ውስጥ እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ የዲ.ኤን.ኤ.ው ጥንድ ክሮች ይላቀቃሉ። ወደ 55 ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ ፕራይመሮቹ ቦታቸውን ፈልገው ይጣበቃሉ። በ72 ዲግሪ ደግሞ ኢንዛይሙ ከፕራይመሩ ተነሥቶ የቀረውን ይገለብጣል። አንዱ ሁለት ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዙር ሁለቱ አራት፣ ከዚያም ስምንት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከ30 ዙር በኋላ አንዷ ቅጂ ከ1 ቢሊዮን በላይ ትሆናለች። ይህን ሁሉ ሙቀት የሚቋቋመው ኢንዛይም መጀመሪያ የተገኘው በአሜሪካ የሎውስቶን ፍል ውኃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። ቫይረሱ በቅጠሉ ውስጥ ካለ የበዛው ዲ.ኤን.ኤ. ቀለም ሰጥቶ ይታያል፤ ከሌለ ፕራይመሩ የሚጣበቅበት አያገኝምና ምንም አይታይም።

ከኢትዮጵያ ማሳ የወጣ አዲስ ስም

ይህ አሠራር አንድ ግልጽ ጉድለት አለው፤ የሚፈለገው አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ማንም ያላወቀው ቫይረስ ቢሆንስ? በአገራችን የሽምብራና የባቄላ ማሳዎች የሆነው ይኸው ነው፤ ታሪኩም በዝርዝር ሊነገር ይገባዋል።

ከፒ.ሲ.አር. በፊትም ሆነ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ኤላይዛ የተባለ ምርመራ አለ። እርሱ የሚለየው ዘረመሉን ሳይሆን የቫይረሱን የፕሮቲን ሽፋን ነው። በእንስሳ ደም ውስጥ የተዘጋጀ ፀረ አካል ከሽፋኑ ጋር ሲገጥም ፈሳሹ ቀለም ይለውጣል። ርካሽና ለብዙ ናሙና የሚመች በመሆኑ ዛሬም አልተተወም። ቢጫ ሆነው የቀጨጩ የሽምብራና የባቄላ ናሙናዎች በዚህ መንገድ ሲመረመሩ ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ሆነ፤ ቫይረሱ ከአንድ የታወቀ ቤተሰብ መሆኑ ይታያል፤ ከቤተሰቡ የታወቁ አባላት ጋር ግን አይገጥምም።

የኢትዮጵያና የጀርመን ተመራማሪዎች ያን ጊዜ ወደ ዘረመሉ ዞሩ። የተጠቀሙባቸው ፕራይመሮች ለአንድ ቫይረስ ብቻ የተሠሩ አልነበሩም፤ በአንዳንድ ቦታ ከአንድ በላይ ፊደል የሚቀበሉ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ እንዲገጥሙ የተደረጉ ነበሩ። አንድን ሰው በስሙ ከመጥራት ይልቅ «የእገሌ ልጆች» ብሎ ሁሉንም እንደ መጥራት ነው። የመጣውም ፈጽሞ ያልታወቀ ዘመድ ሆነ። ከሽምብራውና ከባቄላው የተገኙት መልእክቶች እርስ በርሳቸው 96 በመቶ አንድ ናቸው፤ ስለዚህ በሁለቱ ሰብሎች ላይ ያለው ቫይረስ አንድ ነው። ከታወቁት ሁሉ የቅርብ ዘመዱ የተባለው በለውዝ ላይ የሚገኝ ቫይረስ ሲሆን፣ የሽፋን ፕሮቲናቸው የሚመሳሰለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሙሉ መልእክቱ ሲነበብ 5,900 ያህል ፊደላት ሆነ። አዳነ አብርሃም በቀዳሚ ጸሐፊነት የተጠቀሱበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲታተም ቫይረሱ ሽምብራን ቢጫ አድርጎ በማቀጨጩ ስም ተሰየመ፤ በሳይንሱ ዓለም ችክፒ ክሎሮቲክ ስታንት ቫይረስ ይባላል። በኋላ በሱዳን፣ በግብፅ፣ በሞሮኮና በሶርያም ተገኝቷል። የኢትዮጵያና የሱዳኑ በአንድ ወገን፣ የሦስቱ አገሮች ደግሞ በሌላ ወገን የሚመደቡ ሁለት ዝርያዎች እንዳሉትም የዘረመል ንጽጽር አሳይቷል።

ከዚሁ ጥናት አንድ ሌላ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። ተመራማሪዎቹ ለአዲሱ ቫይረስ ከጥንቸል ያዘጋጁት ፀረ አካል ባልተጠበቀ ሁኔታ ሌላ ዘመድ ቫይረስንም «አገኘሁ» አለ። ሁለቱን የሚለይ ሌላ ፀረ አካል ከአይጥ ማዘጋጀት ግድ ሆነባቸው። የፕሮቲን ምርመራ ዘመዳሞችን ሊያደበላልቅ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ስሙ መታወቁ ለአርሶ አደሩ ምን ይፈይዳል? በጥናቱ ከተሞከሩት አራት የክሽክሽ ዓይነቶች ቫይረሱን ያስተላለፈው አንዱ ብቻ ነው፤ አፊስ ክራሲቮራ የሚባለው ጥቁር የጥራጥሬ ክሽክሽ። ቫይረሱ በዚህ ክሽክሽ አካል ውስጥ ገብቶ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። እንዲህ ዓይነቱን ቫይረስ ለመቅሰምም ሆነ ለማስተላለፍ ክሽክሹ ተክሉን ረዘም ላለ ጊዜ መምጠጥ ስላለበት በጊዜው የተደረገ የክሽክሽ ቁጥጥር ስርጭቱን ሊቀንስ ይችላል። በአንጻሩ ሌሎች ቫይረሶች ክሽክሹ ቅጠሉን ለጥቂት ሴኮንዶች ወግቶ ሲቀምስ ብቻ ይተላለፋሉ፤ የተረጨው መድኃኒት ነፍሳቱን ከመግደሉ በፊት ጉዳቱ ደርሷል። ቅጠሉ ሁለቱንም ጊዜ ቢጫ ነው፤ ርጭቱ ግን አንዱ ላይ ይረዳል፣ ሌላው ላይ ኪሳራ ነው።

የዘሩም ነገር እንደዚሁ ነው። ይህ የሽምብራ ቫይረስ የሚመደብበት ወገን በዘር አይተላለፍም። በባቄላና በአተር ላይ የሚገኙ ሌሎች ቫይረሶች ግን በዘሩ ውስጥ ተደብቀው ለሚቀጥለው ዓመት ይሻገራሉ። ጎተራ ያለውን ዘር መልሶ ለመዝራት ወይም ለምግብ አውሎ ሌላ ዘር ለመፈለግ የሚወስን አርሶ አደር፣ በእርግጥ የሚወስነው በቫይረሱ ስም ላይ ነው።

ሁለት ሆነው የሚገድሉ

በበቆሎ ላይ የታየው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ ቦሜት አካባቢ በቆሎ ከቅጠሉ ጫፍ ጀምሮ እየደረቀ፣ ፍሬ ሳይቋጥር መሞት ጀመረ። አንዳንድ ማሳዎች ምንም ምርት አልሰጡም። በሽታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ጎረቤት አገሮች ተዛመተ፤ በ2014 በኢትዮጵያም መገኘቱ ታወቀ። በቆሎ የብዙ አርሶ አደሮች ዋና ሰብል በሆነበት አገር ይህ ዜና ቀላል አልነበረም።

ገዳዩ አንድ ቫይረስ አልነበረም። የበቆሎ ክሎሮቲክ ሞትል ቫይረስ የሚባለውና የሸንኮራ አገዳ ሞዛይክ ቫይረስ በአንድ ተክል ላይ ሲገናኙ የሚፈጠር በሽታ ነው። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በቆሎውን ይጎዱታል እንጂ ብዙ ጊዜ አይገድሉትም፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ተክሉ አይተርፍም። የሸንኮራ አገዳው ቫይረስ ከዚያ ቀደምም በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀ ነበር። አዲሱ እንግዳ ሌላው ነው። በዓይን የሚታየው ግን አንድ የደረቀ በቆሎ ብቻ ነው።

በኬንያው ጉዳይ ላይ ከፒ.ሲ.አር. አንድ ደረጃ የዘለለ ዘዴ ሥራ ላይ ዋለ። በናሙናው ውስጥ ያለው ዘረመል፣ የበቆሎውም የቫይረሱም፣ ሳይመረጥ በጅምላ ይነበባል፤ ኮምፒውተር ደግሞ የተነበበውን በዓለም ዙሪያ ከተከማቹ የዘረመል መዝገቦች ጋር ያነጻጽራል። ይህ ዘዴ «እገሌ አለ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «እዚህ ያሉት እነማን ናቸው?» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ውጤት ሁለቱንም ቫይረሶች አሳየ። የመጀመሪያው በቻይና ከተገኘው ዝርያ ጋር በጣም ይቀራረባል። የሸንኮራ አገዳው ቫይረስ ደግሞ ቀድሞ ከተመዘገቡት ራቅ ያለ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ፊደሉን የለወጠ ቫይረስ ላይ በአሮጌው መልእክት የተሠራ ፕራይመር ላይጣበቅ ይችላል። ማለትም ቫይረሱ እያለ ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ የምርመራ ቁልፎች እንደ ቫይረሱ መታደስ አለባቸው።

የበቆሎው ቫይረስ ስም መታወቁም ምክሩን ለወጠ። ትሪፕስ በሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳትና በጥንዚዛዎች ይተላለፋል፤ ከማሳ በሚቀር ቃርሚያ ይቆያል፤ በጥቂት መጠን በዘርም ይሻገራል። በቆሎን በበቆሎ ላይ ደጋግሞ መዝራት ለእርሱ ምቹ ነው፤ በባቄላ፣ በቦሎቄ ወይም በድንች ማፈራረቅ ግን መኖሪያ ያሳጣዋል። መስኖ ባለበት አካባቢ ዓመቱን ሙሉ በቆሎ ከማሳ አለመጥፋቱ ለዚህ በሽታ ድልድይ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ቤተ ሙከራው ወደ ማሳ ሲሄድ

በአገራችን የዕፅዋት በሽታ ምርምር ለረጅም ዓመታት ሲካሄድ የቆየው በአምቦ ሲሆን ብሔራዊ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል የሚገኘው በሆለታ ነው። ከሩቅ ወረዳ የተቆረጠ ቅጠል እነዚህን ከመሰሉ ማዕከላት ለመድረስ ቀናት ይፈጅበታል። ቅጠሉ በላስቲክ ታፍኖ በሙቀት ከተጓዘ ይበሰብሳል፤ አር.ኤን.ኤ.ው ይበላሻል፤ ጥሩ ማሽን ከብስባሽ ቅጠል ትክክለኛ መልስ አያወጣም።

ርቀቱን ለማጥበብ ሁለት መንገዶች ተሞክረዋል። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 በጃፓናውያን ተመራማሪዎች ይፋ የሆነውና ላምፕ የተባለው ዘዴ ነው። ሙቀቱ ከፍ ዝቅ እንዲል አያስፈልግም፤ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ባለ አንድ ሙቀት ብቻ ዘረመሉን ያበዛል። ስለዚህ ውድ ማሽን ሳይኖር፣ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ማሞቂያ፣ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ የቀለም ለውጥ አይቶ መወሰን ይቻላል።

ሁለተኛው በእጅ መዳፍ የሚያዝ የዘረመል ማንበቢያ ነው። በታንዛኒያ፣ በኡጋንዳና በኬንያ በየአንዳንዱ አገር በአንድ አርሶ አደር የካሳቫ ማሳ ላይ ተሞክሯል። ተመራማሪዎቹ ማሳው ላይ ከደረሱበት ጊዜ አንሥቶ ናሙና ወስደው፣ አጣርተው፣ አንብበው የመጀመሪያ ውጤት እስኪያገኙ ድረስ ከ3 ሰዓት ያነሰ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። መብራትም ኢንተርኔትም አላስፈለጋቸውም። ካሳቫ በደቡብ ኢትዮጵያም የሚመረት በመሆኑ ሙከራው ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሆኖም ለዚህ ማንበቢያ የሚያስፈልጉት ኬሚካሎች ከውጭ የሚመጡ፣ አንዳንዶቹም ቅዝቃዜ የሚሹ ናቸው። በየቀበሌው ነገ ይደርሳል ብሎ ማውራት አርሶ አደሩን ማታለል ይሆናል።

ከቫይረስ ክልል ወጥተን አንድ ጉዳይ ብናነሣ ደግሞ የዘረመል ምርመራ የቆየ ስምንም እንደሚያርም እናያለን። አርሶ አደሮች ቆርምድ የሚሉት፣ በደጋው ባቄላ ላይ እብጠት የሚያወጣው በሽታ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንስኤው ኦልፒዲየም የተባለ ፈንገስ መሰል ተሐዋስ እንደሆነ ይነገር ነበር። በኋላ ዘረመሉ ሲነበብ ግን መንስኤው ፊዞደርማ የተባለ ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ምርመራው የት ይቁም?

እንደዚህ ጸሐፊ እምነት፣ የዘረመል ምርመራ ለእያንዳንዱ ማሳ ይዳረስ ማለት ዛሬ የሚቻል አይደለም፤ አስፈላጊም አይደለም። አንድ ምርመራ ብዙ ሰው የሚጠቅመው የዘር ምንጭ ላይ ሲሠራ ነው። ድንችን እንውሰድ። ድንች የሚተከለው በራሱ እንጆ ስለሆነ በእናት ተክሉ ውስጥ ያለ ቫይረስ ለልጅም ለልጅ ልጅም ይወርዳል። አርሶ አደሮች «ዘሩ አርጅቷል» የሚሉት፣ ምርቱ ከዓመት ዓመት እያነሰ የሚሄደው፣ በአብዛኛው የድንች ቫይረሶች ክምችት ነው። በቲሹ ካልቸር ከአንድ እናት ተክል በሺህ የሚቆጠሩ ችግኞች ይባዛሉ። እናቲቱ ከመባዛቷ በፊት ብትመረመር አንዲት ምርመራ ሺህ ችግኞችን ትጠብቃለች። ሳትመረመር ከቀረች ደግሞ ያው የማባዛት ጥበብ በሽታን የማባዣ ይሆናል። ከውጭ በሚገባ ዘር ላይም ነገሩ ይኸው ነው፤ በኬላ የተያዘ አንድ ከረጢት በማሳ ከተዛመተ በሽታ ይረክሳል።

የምርመራው ውጤት በራሱ የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ከ1 ወደ ቢሊዮን የሚያበዛ ዘዴ ስሕተትንም ያበዛል። ከቀደመው ናሙና የተረፈች ቅንጣት በጓንት ወይም በመቀስ ተሻግራ ጤነኛውን ተክል በሽተኛ ልታስመስለው ትችላለች። ስለዚህ ጥንቁቅ ቤተ ሙከራ ከአርሶ አደሩ ናሙና ጎን ቫይረስ እንዳለበት የታወቀ አንድ ናሙና፣ እንደሌለበት የታወቀ ሌላ ናሙና አብሮ ይመረምራል። ሁለቱ የሚጠበቀውን ካልሰጡ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። በተቃራኒው ተክሉ ገና በቅርቡ ከተያዘ ቫይረሱ ወደ ተቆረጠው ቅጠል ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

አርሶ አደሩ ወይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በማሳው ላይ የሚያደርገው ጥንቃቄ የውጤቱን ግማሽ ይወስናል። ሙሉ በሙሉ የደረቀ ተክል ለናሙና አይሆንም፤ በደረቀ ሕዋስ ውስጥ ሌላ ፈንገስ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ የቫይረሱም አር.ኤን.ኤ. ይጎዳል። ሕመሙ ገና ከጀመራቸው ተክሎች ለጋ ቅጠል ይቆረጥ። ከአንድ ተክል ሳይሆን ከተለያዩ የማሳው ክፍሎች ይወሰድ፤ ከጤነኛ ተክልም ለማነጻጸሪያ ይጨመር። በየመካከሉ እጅና መቀስ ይታጠብ። ቅጠሉ በወረቀት ተጠቅልሎ ከፀሐይ ርቆ በቅዝቃዜ ይጓዝ፤ በዕለቱ መድረስ የማይችል ከሆነ እርጥበት በሚመጥ ነገር ቶሎ ማድረቅ ከማበስበስ ይሻላል።

በእሽጉ ላይ የሰብሉና የዝርያው ስም፣ ቀበሌው፣ የተዘራበት ቀን፣ ዘሩ ከየት እንደመጣ፣ ባለፈው ዓመት በማሳው ላይ ምን እንደነበረና እስካሁን ምን እንደተረጨ ይጻፍ። ውጤቱ «ተገኝቷል» ካለ የቫይረሱ ሙሉ ስም፣ በዘር ይተላለፍ እንደሆነና የትኛው ነፍሳት እንደሚያዛምተው ይጠየቅ። «አልተገኘም» ካለ ደግሞ የትኞቹ ቫይረሶች ተፈልገው እንዳልተገኙ በጽሑፍ እንዲገለጽ ይጠየቅ፤ ባቄላው ቢጫ የሆነው ባልተፈለገው በአንዱ ሊሆን ይችላልና።